ኬንሮኩኤን በፌብሩዋሪ፦ ሳኩራ የለም፣ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

የውሃው ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለስልጠና ጃፓን ልሄድ ነው። 6 ሳምንት ዮኮሃማ እቆያለሁ፣ ጃንዋሪ መጨረሻ ገብቼ ማርች መጀመሪያ ላይ እመለሳለሁ። ሥራዬ የውሃ አቅርቦት ነው፣ ከቧንቧና ከፓምፕ ጋር ነው የምውለው፣ ስለ አበባ ብትጠይቁኝ ጽጌረዳን ከአደይ ከመለየት ውጪ እውቀት የለኝም። ግን ከድሮ ጀምሮ አንድ ነገር ያምረኛል። የቆየ የጃፓን የአትክልት ስፍራ ገብቼ ግማሽ ቀን ዝም ብዬ መቀመጥ። ካናዛዋ ከተማ ያለው ኬንሮኩኤን ላይ ዓይኔን ጥያለሁ።

ችግሩ የነገርኩት ሰው ሁሉ ፊቱን ያጨማድዳል። "በፌብሩዋሪ? ምን ልታይ?" ይሉኛል። ሳኩራ (የጃፓን ቼሪ አበባ) የሚያብበው ኤፕሪል፣ ቅጠል የሚቀላው ኖቬምበር፣ አንተ የምትሄደው ምንም በሌለበት ሰዓት ነው አሉኝ። አንዱ ጓደኛዬማ "የደረቀ እንጨት ለማየት ያን ሁሉ ብር ከምታወጣ እንጦጦ ውጣ" አለኝ። ባቡሩም ርካሽ አይደለም። ያለኝ አንድ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው።

የሄዳችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ? በሌላ ወቅት ያያችሁትም ጻፉ፣ ነገ ሌላ ሰው ያነበዋል።

ካናዛዋ የኖረች

ሂድ! ጓደኛህን ደግሞ እንጦጦ ላከው።

ለማስተርስ 2 ዓመት ካናዛዋ ኖሬያለሁ። ቤቴ ከኬንሮኩኤን በእግር 20 ደቂቃ ነበር። ፈተና ሲያስጨንቀኝ፣ ቤት ሲናፍቀኝ፣ ከአከራዬ ጋር ስጨቃጨቅ (ቧንቧ በብርድ ፈንድቶ እኔን ሊያስከፍለኝ ፈልጎ ነበር፣ ረጅም ታሪክ ነው፣ አንተ ይገባሃል) ማምለጫዬ እዚያ ነበር። ስለዚህ አራቱንም ወቅት አይቻለሁ። ግን ከክረምቱ ልጀምር፣ ምክንያቱም ጓደኞችህ የተሳሳቱት እዚያ ላይ ነው። ክረምት ስል የእነሱን የበረዶ ወቅት ነው እንጂ የኛን ሐምሌና ነሐሴ አይደለም።

የካናዛዋ በረዶ እንደ ዱቄት የሚበን ዓይነት አይደለም። ከሳይቤሪያ የሚነሳው ቀዝቃዛ ነፋስ የጃፓንን ባህር ሲያቋርጥ እርጥበት ይጠጣል፣ የብስ ላይ ሲደርስ ያራግፈዋል። በረዶው እርጥብና ከባድ ነው፣ ቅርንጫፍ ይገነጥላል። ለዚህ ነው በየዓመቱ ኖቬምበር 1 ቀን አትክልተኞቹ ገመድ ይዘው የሚወጡት። ከዛፉ ጎን ረጅም ምሰሶ ያቆማሉ፣ ከዚያ ከምሰሶው ጫፍ ገመድ ወደ ታች እየለቀቁ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ያንጠለጥሉታል። ሲያልቅ ዛፉ ሳር ያልለበሰ የጎጆ ጣሪያ ይመስላል፣ ወራጁ ብቻ ከመሃል ምሰሶው ወደ ዙሪያው የወረደ። ዩኪትሱሪ ይሉታል። መጀመሪያ የሚታሰረው ካራሳኪ የሚባለው ትልቁ ፓይን ነው፣ ለእሱ ብቻ 5 ምሰሶና 800 ገደማ ገመድ ይሄዳል። ዘሩን ቢዋ ሐይቅ ዳር ካለው ካራሳኪ ከሚባል ቦታ አስመጥቶ ያስበቀለው 13ኛው የካጋ (ካናዛዋ ያለችበት የድሮ ግዛት) ገዢ ማኤዳ ናሪያሱ ነው፣ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው።

የማሰሩ ሥራ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ይሄዳል፣ መፍታቱ የሚጀምረው ማርች አጋማሽ ላይ ነው። ስለዚህ አንተ ስትደርስ ሁሉም እንደታሰረ ታገኘዋለህ። ኤፕሪል ላይ የሚመጡት ቱሪስቶች ይህን በፖስትካርድ ነው የሚያዩት።

"ምንም የለም" ላሉህም መልስ አለ። ኡሜ የሚሉት ፕለም ከሳኩራ ቀድሞ ነው የሚያብበው። ኬንሮኩኤን ውስጥ ለብቻው የተተከለ የኡሜ ደን አለ፣ ወደ 200 ዛፍ ይሆናል። ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ከሄድክ ቢያንስ ጥቂቱ ጀምሮ ታገኘዋለህ። ከሳኩራው የሚለየው ሽታ አለው። በብርድ መሃል ድንገት የአበባ ሽታ አፍንጫህ ውስጥ ሲገባ፣ በቃ፣ ሄደህ እየው።

ሌላ ምክር፣ ጃንጥላ። የከተማው ሰዎች ምሳህን ብትረሳ ጃንጥላህን አትርሳ የሚል አባባል አላቸው፣ ቀልድ አይደለም። ጠዋት ፀሐይ፣ ረፋድ ዝናብ፣ ከሰዓት በረዶ፣ አንዳንዴም መብረቅ ጭምር። በክረምት መብረቅ! መጀመሪያ የሰማሁ ቀን አልጋ ስር ልገባ ነበር።

ሻይ በሎሚ

እኔ ልቃወም። የሄድኩት ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ሳኩራው በፈነዳበት ሰሞን ነው፣ እና ማንም ምንም ቢል ያንን የመሰለ ነገር በህይወቴ አላየሁም። በዚያ ሰሞን ወደ አንድ ሳምንት ለሚሆን ጊዜ መግቢያው ነፃ ይሆናል፣ ማታም መብራት ያበሩበታል።

አሁን ሐቁን ልናገር። ከአበባው ይልቅ ያየሁት የሰው ጀርባ ነው። ኮቶጂ የሚባለው ታዋቂው የድንጋይ ፋኖስ ጋ ፎቶ ለመነሳት ሰልፍ አለ፣ የዳቦ ቤት ሰልፍ በሉት፣ ተራዬ ደርሶ ስቆም ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ በጉሮሮዋ "እህ እህ" ትላለች። የያዝኩት የእንግዳ ማረፊያ ደግሞ ሳኩራ ነው ብሎ ዋጋውን ሦስት እጥፍ አድርጎብኝ ነበር። ስሙን አልጠራም፣ እግዜር ይይለት።

ግን ሳኩራ ሳኩራ ነው። ጠያቂው፣ ከቻልክ ጉዞህን አራዝመው።

የውሃው ልጅ

ሻይ በሎሚ፣ ቪዛዬን አንተ ታራዝምልኛለህ? 😄

ካናዛዋ የኖረች፣ እህቴ አመሰግናለሁ፣ ግማሽ ልቤ ሄዷል። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ በረዶ ባይጥልስ? ገመድ ብቻ አይቼ ልመለስ ነው?

ካናዛዋ የኖረች

ሊሆን ይችላል፣ አልዋሽህም። ሳይጥል የሚከርምበት ሳምንት አለ። ግን ዝናብ ላይም ገመዱ ያምራል፣ ውሃው በገመዱ ላይ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ደግሞም ሰው የለም። ያ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ምስጢር ልንገርህ። በክረምት በሩ የሚከፈተው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ነው (በኛ አቆጣጠር)፣ ትኬቱ እኔ ሳለሁ 320 የን ነበር። ነገር ግን ማለዳ ከ12 ሰዓት ጀምሮ በነፃ ይገባል፣ መደበኛው ሰዓት ከመድረሱ 15 ደቂቃ በፊት ግን መውጣት ግዴታ ነው። በእነሱ በጋ ደግሞ ከዚያም ማልዶ ይከፈታል። እኔ ሁልጊዜ የምሄደው በዚያ ሰዓት ነበር። የሚያጋጥሙህ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው፣ "ኦሃዮ" (እንደምን አደርሽ) ብለው ያልፋሉ።

ሲቪሉ

ቆይ ቆይ። የውሃ ሰው ሆነህ ስለ አበባ ነው የምትጠይቀው? ወንድሜ፣ ያ ቦታ የተሠራው ላንተ ነው!

ስማ። በ1631 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ካናዛዋ ላይ ከባድ ቃጠሎ ደረሰ፣ ቤተመንግሥቱም ተቃጠለ። ቤተመንግሥቱ ያለው ከፍታ ላይ ስለሆነ እሳት ማጥፊያ ውሃ አልነበረም። በዓመቱ በ1632 ኢታያ ሄይሺሮ የተባለ ሰው ከሳይ ወንዝ ላይኛው ክፍል ጠልፎ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ቦይ አመጣ። ታትሱሚ ቦይ ይባላል። ከፊሉ መንገድ በዋሻ ነው። ፓምፕ የለ፣ ቲኦዶላይት (የቅየሳ መሣሪያ) የለ። ከአሁኑ አትክልት በኩል ውሃው በታሸገ ቱቦ ወደ ታች ወርዶ፣ ቤተመንግሥቱ ጋ በራሱ ግፊት መልሶ ይወጣል። ሳይፎን በግልባጩ ማለት ነው። ቱቦው መጀመሪያ የእንጨት ነበር፣ በኋላ በድንጋይ ተተካ።

አትክልቱ ዛሬም የሚጠጣው ከዚያው ቦይ ነው። ማለትም አበባ የምትለው ነገር ሁሉ የእሳት አደጋ መከላከያ ፕሮጀክት ትርፍ ነው ብትል ብዙ አትሳሳትም።

አሁን ዋናውን። እዚያ ውስጥ በ1861 የተሠራ ፋውንቴን አለ፣ በጃፓን የመጀመሪያው ነው ይባላል። ሞተር የለውም። ከላይ ካሱሚጋኢኬ የሚባል ትልቅ ኩሬ አለ፣ በውሃው ደረጃ ልዩነት ብቻ ነው ወደ ላይ የሚተፋው፣ 3 ሜትር ተኩል ገደማ። ኩሬው ሲጎድል ፋውንቴኑም ያጥራል። እኔ እዚያ ቆሜ በስልኬ ሒሳብ ስሠራ ሚስቴ ፊቷን አዙራ ሄዳ ሻይ ቤት ተቀመጠች። እኔ የሄድኩት ኦገስት ነበር፣ ሙቀቱና ወበቁ አይወራ፣ ለሌላ ነገር ኦገስትን አልመክርም።

የጉለሌው

ይቅርታ ግን እኔ አልገባኝም። ዛፍን በገመድ አስሮ፣ ውሃን በቱቦ አምጥቶ፣ ኩሬውን ቆፍሮ፣ ከዚያ "ተፈጥሮ" ይሉታል? ተፈጥሮ የፈለገ ሰው መናገሻ ጫካ ይግባ፣ በገመድ ያልታሰረ ጥድ ያያል። የጃፓኖቹ ነገር ለኔ ፀጉሩን ሲሠራ የሚውል ሰው ነው የሚመስለኝ።

በገና ወዳጅ

የጉለሌው፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ መልሱ ስሙ ውስጥ አለ። ኬን ማለት አጣምሮ መያዝ፣ ሮኩ ስድስት፣ ኤን አትክልት። ስድስቱን የያዘ አትክልት። ስሙን ያወጣው በ1822 ማትሱዳይራ ሳዳኖቡ የተባለ መስፍን ነው ይባላል፣ ከጥንት የቻይና ጽሑፍ ወስዶ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ አንድ አትክልት ሰፊ ከሆነ ጭር ያለ ጥግ አይኖረውም። የሰው እጅ ከበዛበት የጥንት መልክ ያጣል። ውሃ የሚገኘው ዝቅ ያለ ቦታ ነው፣ ሩቅ የሚታየው ደግሞ ከፍታ ላይ። ስድስቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚጣሉ ናቸው፣ እዚህ ግን አብረው ይኖራሉ ነው የሚለው። ስለዚህ የሰው እጅ የለበትም ያለህ ሰው የለም። ጭራሽ ከስድስቱ አንዱ እሱ ነው! ጫካ ሳይሆን 11 ሄክታር ከግማሽ ገደማ ላይ የተጻፈ ነገር አድርገህ እየው።

ሥራውም የአንድ ሰው አይደለም። 5ኛው ገዢ ማኤዳ ትሱናኖሪ በ1676 ጀመረው፣ በ1759 ተቃጠለ፣ 11ኛው ገዢ ሃሩናጋ በ1774 ፏፏቴውንና ዩጋኦቴ የሚባለውን የሻይ ቤት አቆመ፣ ከዚያ 12ኛውና 13ኛው እየጨመሩበት ሄዱ። ለሕዝብ የተከፈተው በ1874 ነው። ሁለት መቶ ዓመት ያህል የመሳፍንት ጓሮ ነበር፣ ተራ ሰው እንደልቡ አይገባበትም ነበር።

ሻይ በሎሚ ያነሳው ፋኖስ ደግሞ ለኔ ለበገና ወዳጁ ልዩ ነው። ኮቶ የሚባለው የጃፓን ባለ ክር መሣሪያ ክሩን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ትንሽ መደገፊያ አለው፣ ኮቶጂ ይባላል። በገና ላይ ብርኩማ የምንለው ነው። ፋኖሱ ሁለት እግር ስላለው፣ አንዱ ረጅም ውሃ ውስጥ፣ አንዱ አጭር ድንጋይ ላይ፣ እሱን መሰለ ተብሎ ነው ስሙ የወጣለት። ብርኩማውን ባየሁ ጊዜ ከበገና ውጪ ሌላ ቦታ አገኘዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ወቅትን በተመለከተ የኔ ድምፅ ለኖቬምበር ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ቅጠሉ ቀልቶ፣ ገመዱም ታስሮ፣ ሁለቱን በአንድ ትኬት። ያማዛኪ የሚባለው ጉብታ በተለይ ይነድዳል። ግን ጠያቂያችን ምርጫ የለውም።

የጉለሌው

እሺ ስድስቱን ተቀበልኩ። ፀጉር መሠራቱን ግን አልተውኩም 😂

ካናዛዋ የኖረች

የጉለሌው፣ ኔአጋሪ የሚባለውን ፓይን ብታይ ፀጉር ብቻ እንዳልሆነ ታምናለህ። ዛፉን ከፍ ባለ የአፈር ክምር ላይ ተክለው፣ ሲያድግ አፈሩን ቀስ እያሉ አንስተውለት ከ40 በላይ ሥሩ ከመሬት በላይ ወጥቶ ቆሟል፣ ሥሩ ብቻ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ያሠራው ያው ናሪያሱ ነው። ይህን ሲጀምር ውጤቱን እንደማያይ የሚያውቅ ሰው ነው የሚያስበው። እብደት ነው፣ ግን የሚያምር እብደት።

ቀሪውን ወቅት ቶሎ ቶሎ ልበልና ልተዋችሁ። ሳኩራ አመለጠኝ የሚል ሰው ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ይምጣ፣ ኪኩዛኩራ የሚባል አለ፣ አንዱ አበባ ብቻ ከ300 በላይ ቅጠል አለው፣ ሁሉም ሳኩራ ከረገፈ በኋላ ነው የሚፈነዳው። ሜይ ላይ በጠመዝማዛው ጅረት ዳር ወይን ጠጅ አይሪስ ይወጣል። ጁን ዝናብ ነው፣ ቱሪስት ይሸሻል፣ እኔ ግን በጣም እወደው ነበር። ዛፉ ስር እንደ ምንጣፍ የሚነጠፈው አረንጓዴ ነገር፣ እነሱ ኮኬ ይሉታል፣ በዝናብ ሲረጥብ የሚያበራ ይመስላል። ጎንበስ ብለው በእጃቸው አረም የሚለቅሙለት ሴቶች አሉ፣ ሜዳ ሙሉ፣ በጣታቸው! መጀመሪያ ሳያቸው እናቴ ጤፍ ስታርም ትዝ አለችኝና ዓይኔ እንባ ሞላ። ኦገስት ላይ ከሲቪሉ ጋር እስማማለሁ።

ዮኮሃማ ሰፈር

ጠያቂው ዮኮሃማ ነኝ ስላልክ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ካናዛዋን እየጠበቅህ አትቀመጥ፣ እዚያው ሳንኬኤን አለልህ። በ1906 ሃራ ሳንኬ የሚባል የሐር ነጋዴ ነው ለሕዝብ የከፈተው። እንደ ኬንሮኩኤን የመሳፍንት አይደለም። ሰውዬው ከተለያየ ቦታ ሊፈርሱ የነበሩ ያረጁ ቤቶችን እየገዛ እያስነቀለ አምጥቶ የተከለበት ነው። ጉብታው ላይ ያለው ባለ 3 ደርብ ፓጎዳ (የቡዲስቶች ማማ) በ1457 የተሠራ ነው፣ ከኪዮቶ አካባቢ በ1914 ነው የመጣው። ፌብሩዋሪ ላይ ኡሜው እዚያ ካናዛዋን ይቀድማል፣ ቦታው ሞቅ ይላል።

ካናዛዋ የምትሄደው በሆኩሪኩ ሺንካንሰን ባቡር ነው። ከቶክዮ ፈጣኑ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በአንድ ጉዞ ወደ 14 ሺህ የን። ከ2015 በፊት ይህ መስመር ካናዛዋ አይደርስም ነበር፣ ባቡር መቀየር ነበረብህ። ከጣቢያው አውቶቡስ አለ፣ ጓዝህን ጣቢያው ሎከር ውስጥ ጣለው። ጫማ! የማያንሸራትት ሶል ያለው ጫማ አድርግ፣ ድልድዩም ደረጃውም ድንጋይ ነው፣ ሲረጥብ ያንሸራትታል።

የውሃው ልጅ

ተመልሼ መጣሁ ጓዶች፣ አዲስ አበባ ነኝ። እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ደረስኩ፣ ዝናብ። ዝም ብሎ ቀጥ ያለ ዝናብ። ጃንጥላ ይዣለሁ (እህቴ ተባረኪ)። ፋውንቴኑ ጋ በቀጥታ ሄድኩ፣ ሲቪሉ፣ አንተን እያሰብኩ። አብረውኝ ከሄዱት ሁለት ሠልጣኞች አንዱ ከዛምቢያ ነው፣ እሱም የውሃ ሰው ነው፣ ሁለታችን ዝናብ ላይ ቆመን የግፊት ኪሳራው ስንት ይሆናል ብለን ተከራከርን። ሦስተኛው ጥሎን ሄደ። ከዚያ ቦዩን ወደ ላይ ተከትለን ውሃው ወደ አትክልቱ የሚገባበት ድረስ ሄድን። አበባ አላየሁም ማለት ይቻላል። ኡሜው ጫፍ ጫፉ ላይ ሦስት አራት ብቻ ፈክቶ ነበር። ግን ሽታው እውነት ነው።

እሁድ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ብቻዬን ተመለስኩ። ገና ድንግዝግዝ ነው። ሌሊቱን ጥሎ ነበር፣ አሥር ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፣ ግን በቃኝ። በገመዱ ሁሉ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ተቀምጧል። ካራሳኪው ስር ቆሜ ሳለ አንዱ ቅርንጫፍ ሸክሙን አራገፈና ገመዱ ወደ ላይ ዘለለ፣ ዝም ባለው ቦታ ላይ "ድም" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌላው። በፎቶ ያየሁት ጊዜ ገመዱ ዝም ብሎ ጌጥ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ሥራ ላይ ነው። አንድ ሽማግሌ በመጥረጊያ የድንጋዩን መንገድ እየጠረጉ መጡ፣ ጎንበስ አልኩ፣ እሳቸውም ጎንበስ አሉ፣ 1 ሰዓት ከ45 ሊሆን ሲል ሰዓታቸውን በጣታቸው መታ መታ አድርገው በሩን አሳዩኝ።

የጉለሌው፣ አንተን ለማናደድ አንድ የፓይን ፍሬ ከመሬት አንስቼ ኪሴ ከትቼ ነበር። ገዢው ከቢዋ ካመጣ እኔ ወደ ጉለሌ ባመጣ ምን አለበት ብዬ።

ሲቪሉ

ኧረ ኤርፖርት ላይ ይቀሙሃል! ዕፅዋትና ዘር ያለ ፈቃድ አይገባም እኮ።

ካናዛዋ የኖረች

ከአትክልቱም ምንም ማውጣት አይቻልም፣ የት ነው ያደግከው 😄

የውሃው ልጅ

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። በሩ ጋ ስደርስ ራሴው አፈርኩና ተመልሼ ዛፉ ስር አስቀመጥኩት። ሽማግሌው ከሩቅ እያዩኝ ነበር መሰለኝ። ፎቶዎቹን ማታ እጭናለሁ፣ ኔትወርኩ ከፈቀደ።